አርማታው ከመሞላቱ በፊት

እንጅባራ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ። ዝናቡ አባርቷል፤ ጉሙ ግን ገና ከባሕር ዛፉ ጫፍ አልለቀቀም። ፎቅ በሚሠራበት ግቢ አንድ ፌራዮ (ብረት አሳሪ) ስታፋ፣ ቋሚ ብረቶችን ዙሪያቸውን የሚያቅፈውን ቀለበት፣ ሲያጥፍ ቆሜ አያለሁ። መሣሪያው ብዙ አይደለም፦ ወፍራም ጣውላ፣ ጣውላው ላይ የተተከሉ አራት አምስት አጫጭር ብረቶችና አንድ የብረት ማጠፊያ ቁልፍ። ባለ 8 ሚሊ ሜትሩን ብረት በተተከሉት መሀል ያስገባል፣ በቁልፉ ያስነክሰዋል፣ ከዚያ በክንዱ ሳይሆን በወገቡ ይጎትታል። ሦስቱን ጥጎች ፈጠን ፈጠን እያለ ያጥፋል። የመጨረሻው ላይ ሲደርስ ዝግ ይላል። የስታፋው ሁለት ጫፎች የሚገናኙበት ጥግ ነውና እዚያ በ90 ዲግሪ አያቆምም፤ ጨምሮ ወደ ውስጥ ይቆለምመዋል፣ እስከ 135 ዲግሪ። አራት ጣቱን ከእጥፋቱ ያለፈው ጭራ ላይ ያስቀምጣል። 8 ሳንቲ ሜትር መሆኑን የሚያረጋግጠው እንዲህ ነው፤ የብረቱ ውፍረት 10 እጥፍ ማለት ነው። ከዚያ ቀድሞ ካጠፋቸው ላይ ይደርበዋል። ክምሩ እንደ እንጀራ ተደራርቧል፤ ጎንበስ ብዬ ከጎን ሳየው ከመስመር የወጣ አንድም የለም።

ያቺ የመጨረሻ እጥፋት ብዙ ሰው የማያያት ናት። መሬት ሲናወጥ መጀመሪያ የሚረግፈው ብረቱን የሸፈነው የውጪው አርማታ ነው። ጫፉ በ90 ዲግሪ ብቻ የታጠፈ ስታፋ ያን ጊዜ የሚይዘው ነገር አጥቶ ይከፈታል። እሱ ሲከፈት የኮለኑ ቋሚ ብረት ወደ ውጪ ይጎብጣል፤ ኮለኑም ያበቃለታል። በ135 የታጠፈው ግን ጫፉን የቀበረው በኮለኑ ልብ ውስጥ ስለሆነ ቆዳው ተልጦም ይይዛል። የስምጥ ሸለቆ ለሚሰነጥቃት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በማግስቱ አርማታው ይሞላል። ከዚያ በኋላ ያቺን እጥፋት የሚያይ ሰው አይኖርም።

በስሌቱ በኩል ደግሞ፣ ሲቪል ምህንድስና በቀድሞው ደንብ የተማረ ኢትዮጵያዊ በእንቅልፍ ልቡ የሚጠራቸው ሁለት ቁጥሮች አሉ፦ 11.33 እና 260.87። በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው የቀድሞው የአርማታ ደንባችን፣ ኢቢሲኤስ 2፣ የወለዳቸው ናቸው። የመጀመሪያው ሲ-25 አርማታ በዲዛይን የሚታመንበት ጥንካሬ ሲሆን ሁለተኛው የኤስ-300 ብረት ነው፤ ሁለቱም በሜጋ ፓስካል። 25ቱ በኩብ ተፈትኖ የተገኘ ስለሆነ መጀመሪያ ወደ ሲሊንደር ጥንካሬ፣ ወደ 20 ይወርዳል፤ በ0.85 ይባዛል፤ በ1.5 ይካፈላል። ብረቱ ግን በ1.15 ብቻ ይካፈላል። ተማሪ ሳለሁ ይህን እንደ ቀመር ሸምድጄ አለፍኩት። ሳይት ላይ ቆሜ ነው የገባኝ። ደንቡ ብረቱ ከፋብሪካ፣ አርማታው ግን ከአካፋና ከደመና ሥር እንደሚወጣ ያውቃል፤ ስለዚህ አርማታውን አጥብቆ ይጠራጠራል። ዩሮኮድን ተከትሎ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው አዲሱ ደረጃ የአጻጻፉን ልማድ ቀይሮታል፤ የድሮው ሲ-25 በአዲሱ ሲ20/25 ነው። ቁጥሩን ብቻ አይቶ ሲ25/30 ነው ብሎ የሚያሰላ ጀማሪ፣ ያልተሠራ ጥንካሬ ላይ ፎቅ ይጭናል።

በእነዚያው በ11.33 እና በ260.87 አንድ ተራ ቢም እናስላ። ወርዱ 25፣ ከፍታው 40 ሳንቲ ሜትር፤ በሁለት ጫፉ ብቻ ተደግፎ 4 ሜትር ይዘረጋል፤ በእያንዳንዱ ሜትር 25 ኪሎ ኒውተን የዲዛይን ጭነት ያርፍበታል። መሀሉ ላይ ሊያጎብጠው የሚመጣው 50 ኪሎ ኒውተን ሜትር ነው። ከሥር ባለ 16 ሦስት ብረት ቢገባበት 52 ይሸከማል። ተማሪው 52 ከ50 መብለጡን አይቶ መልሱ ሥር ሁለት መስመር ያሰምራል፤ ደግሞም ትክክል ነው። ግን ያ 52 የቆመው ብረቱ ከቢሙ አናት 36 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ መቀመጡ ላይ ነው። ፌራዮው ስታፋውን 4 ሳንቲ አሳጥሮ ቢያጥፈውና ብረቱ በዚያው ልክ ከፍ ብሎ ቢንጠለጠል፣ 52ቱ ወደ 46 ይወርዳል። ብረቱ ያው፣ ሲሚንቶው ያው፣ ወጪው ያው፤ ቢሙ ግን ከሚጠበቅበት በታች ሆነ። ጣውላው ላይ የተተከሉት ብረቶች ርቀት፣ በፈተና ወረቀት ላይ ከተጻፈው ስሌት እኩል ዲዛይን ነው የምለው ለዚህ ነው።

የዚህ ሙያ ሁለት ቋንቋዎች አሉ። ክፍል ውስጥ የምንሰማው እንግሊዝኛ ነው። ሳይት ላይ ግን አርማታ፣ ፌሮ፣ ስታፋ፣ ሶሌታ ይባላል፤ ከጣሊያንኛ ተወስደው አማርኛ የሆኑ ቃላት ናቸው። ሁለቱንም ያልተማረ መሐንዲስ ግማሹን ሙያ አያውቅም። እኔ ሁለተኛውን የተማርኩት ከአንድ በዕድሜ ከገፉ ፌራዮ ነው። የመጀመሪያ ሥዕሌ ላይ ከአራት አቅጣጫ የመጡ ቢሞች 30 በ30 የሆነ ኮለን ላይ ይገናኛሉ። ስሌቱ ልክ ነበር፤ የብረቱም ብዛት ልክ ነበር። እሳቸው ወረቀቱን አዩና አንዲት ጥያቄ ጠየቁኝ፦ «ልጄ፣ ጠጠሩ በየት ይግባ?» ወረቀት ላይ ብረት መስመር ነው፤ ውፍረት የለውም። መጋጠሚያው ላይ ግን የኮለኑ ብረት፣ ከግራ ቀኝ የመጣው፣ ከፊትና ከኋላ የመጣው ሁሉ ተጨናንቆ አርማታ የሚያልፍበት ቀዳዳ አልተረፈም። እንደ ሥዕሌ ቢታሰር ኖሮ ያ መጋጠሚያ ሳንቃው ሲነሳ ባዶ ባዶ ሆኖ ይወጣ ነበር። ኮለኑን አሰፋሁት፣ ብዙ ቀጫጭን ብረቶችን በጥቂት ወፍራም ተካሁ። ዛሬም ሥዕል ስጨርስ ጥያቄያቸውን ለራሴ እደግመዋለሁ።

እንጅባራ ያለችበት የአዊ ደጋ ሰው ስታፋ የት እንደሚጠጋጋ፣ የት እንደሚራራቅ ከጓሮው ያውቀዋል ብል ማጋነን አይሆንም። በእንጅባራ መንገድ ዳር ከሚቆመው የቀርከሃ ወንበርና ምንጣፍ በፊት ቀርከሃው ራሱ ሊታይ ይገባል። አንድ ረጅም ቀርከሃ አንጓ አንጓውን እየዳሰሳችሁ ውጡ። ሥሩ ላይ አንጓው ይቀራረባል፣ መሀል ላይ ይራራቃል፣ ወደ ጫፉ ተመልሶ ይጠባል። ነፋስ አብዝቶ የሚያጎብጠው ሥሩን ነው፤ አንጓው ደግሞ ባዶው ቱቦ እንዳይጨፈለቅ ይይዘዋል። አሁን በደንብ የታሰረ ኮለን ፊት ቁሙ። ስታፋው ወለሉ አጠገብ ይጠጋጋል፣ መሀል ላይ ይራራቃል፣ ጣሪያው አጠገብ እንደገና ይጠጋጋል። ሕንፃ ሲወዛወዝ ኮለን አብዝቶ የሚጎብጠው በሁለቱ ጫፎቹ ነውና።

ሙያው ራሱ ከአትክልት ቦታ መምጣቱ ደስ ይለኛል። ፈረንሳዊው አትክልተኛ ጆሴፍ ሞኒዬ በ1867 እ.ኤ.አ. የፈጠራ ባለቤትነት መብት ያወጣው የብረት መረብ ለተቀበረባቸው የአትክልት ገንዳዎች ነበር። ብረትና አርማታ ተጋብተው የኖሩት ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቅባቸው በተቀራራቢ ልክ ስለሚለጠጡና ስለሚኮማተሩ ነው። ቀርከሃ በመጎተት የዋዛ ባይሆንም በብረት ቦታ አይገባም፤ እርጥቡ አርማታ ውስጥ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይከሳል፣ ይላቀቃል።

ከእንጅባራ ወደ አዲስ አበባ የሚወርድ ሰው ዓባይ በረሃ ላይ በ2008 እ.ኤ.አ. የተመረቀውን 303 ሜትር የህዳሴ ድልድይ ያቋርጣል። እዚያ የሚጎትተው ብረት በከፊልም ቢሆን ከምሰሶው ተዘርግቶ በዓይን ይታያል፤ ተሳፋሪም አንገቱን አውጥቶ ያደንቃል። የከተማ ፎቅ ግን ጉልበቱን ሁሉ ይሸሽጋል። ከሁሉ የማደንቀው የበረንዳ ብረት ሲታሰር ነው። ከግድግዳ ወጥቶ የተንጠለጠለ በረንዳ የሚሰነጠቀው ከላይ ስለሆነ ዋናው ብረት ከላይ መቀመጥ አለበት። በሙሌት ቀን ደግሞ ሰው ሁሉ ይረግጠዋል። መጀመሪያ ባነሳሁት ግቢ ያየሁት ፌራዮ ከሥሩ ከቁርጥራጭ ብረት ያጠፋቸውን እግሮች በቅርብ ርቀት ደርድሮ፣ እያንዳንዱን በጥቁር ሽቦ ሁለት ጊዜ ጠምዝዞ አሥሮታል። ወጥቼ በሙሉ ክብደቴ ቆምኩበት። ንቅንቅ አላለም።

እንጅባራ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ናት፤ ብርዱ የአርማታውን መጠንከር ያዘገየዋል፤ ዝናብ የጠጣ አሸዋም ሳይቆጠር ውሃ ይጨምራል። ስለዚህ እዚህ ሚክሰር ውስጥ የሚገባውን ውሃ መቀነስ፣ ሳንቃውን ለማንሳት አለመቸኮል የግድ ነው። የአርማታው ጥንካሬ ከሙሌት በኋላም ሊታይ፣ በ28ኛው ቀን በኩብ ሊፈተን ይችላል። የብረቱ አስተሳሰር ግን ፈተናው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ቤት የምታሠሩ ሁሉ፣ አርማታ ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው ከሰዓት በኋላ ሂዱ። ሜትር ያዙ። የስታፋውን ጫፍ፣ የበረንዳውን ብረት፣ ከሳንቃው እስከ ብረቱ ያለውን ክፍተት እዩ። ተማሪዎችም ደብተራችሁን ይዛችሁ አብራችሁ ሂዱ። ፌራዮው ጥሩ ሠርቶ ካገኛችሁት፣ ሥራው ከመሸፈኑ በፊት ንገሩት።