መግቢያ የማይከፈልበት የልጆች በዓል

ከነቀምቴ አዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ልጁን በበዓል ቀን እዚያ ወዳለ መጫወቻ ወስዶ ለማጫወት የሚመኝ የወለጋ ወላጅ ከመጫወቻው ትኬት በፊት የትራንስፖርቱ ሂሳብ ይቀድመዋል።

የእንቁጣጣሽ ጨዋታ ግን ደጃፍ ድረስ ይመጣል።

መስከረም 1 ማለዳ ልጃገረዶች አደይ አበባና እርጥብ ቄጤማ ይዘው እየዘፈኑ ከቤት ቤት ይዞራሉ። ወንዶቹ ፀሐይ፣ መልአክ ወይም አበባ የሳሉበትን ወረቀት ለጎረቤት ያበረክታሉ፤ ቀለሙ አንዳንዴ ገና አልደረቀም። ባለቤቱ መርቆ ዳቦ ይቆርስላቸዋል ወይም ብር ይሰጣቸዋል። ከሁሉ የሚደነቀው ግን ልጆቹ ተስተናጋጅ ብቻ አለመሆናቸው ነው፦ ዜማውን የሚያጠኑት፣ ሥዕሉን የሚያዘጋጁት፣ ያገኙትንም የሚካፈሉት እነሱው ናቸው። ጫማ የሌለውም ልጅ እኩል ይዘፍናል።

መስከረም 16 ደግሞ የደመራ ተራ ነው፤ ትንንሾቹም በአቅማቸው ችቦ ያሥራሉ።