የማይገተር ቀስት

በመድረኮቻችን ላይ የቆላው ሰው ሲወጣ ከእርሱ አስቀድሞ የሚታየው ቀስቱ ነው። ከበሮ ይመታል፤ መብራቱ ይቀላል፤ ደረቱን ቀለም የተቀባ ተጫዋች ቀስቱን ወደ ላይ አንሥቶ ይዘልና ጭብጨባ ተቀብሎ ይገባል። የሚናገረው ቃል የለም። ይህ አቀራረብ በተውኔትም፣ በጭፈራ ትርኢትም፣ በበዓል ሰልፍም ሲደጋገም ስለ ኖረ ስሕተትነቱ አይታየንም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ከዓመታት በፊት በጻፈው ተውኔት እንዲህ ያለውን ሰው አቁሞ አንድም ቃል ሳይሰጠው አሰናብቶታል። ስለዚህ ሒሱን ከግለ ሒስ መጀመር ይገባል።

በመተማና በቋራ ቆላ፣ ወደ ደቡብም በመተከል፣ ቀስትን የኑሮው መሣሪያ አድርጎ የቆየው የጉሙዝ ሕዝብ ነው። የአካባቢው ዋና ጥሬ ዕቃ ሽመል ነው። ሽመል ከደጋው ቀርከሃ የሚለየው ውስጡ ድፍን፣ ወይም ለድፍን የቀረበ በመሆኑ ነው። ቀስት ሲገተር የውጪው ገጽ ይሳባል፤ የውስጡ ይጨመቃል። የሽመል ብርቱ ጅማት የተከማቸው ከውጪው ቅርፊት ሥር ስለሆነ፣ ሽመልን ቀስት ሊያደርግ የተነሣ እጅ ያን ወገን ሳይነካ ሆዱን ብቻ ይጠርባል። ጥቂት ይፍቃል፤ ያጥፋል፤ ሁለቱ ክንዶች እኩል መታዘዛቸውን ያያል፤ ደግሞ ይፍቃል። አብዝቶ የፋቀ እንደ ሆነ የወሰደውን መመለስ አይችልም። የፍላጻው ነገር ከዚህ ይረቅቃል። ፍላጻ ሲለቀቅ በቀስቱ ጎን ጥቂት ተለምጦ ነው የሚያልፈው፤ ግትርነቱ ከቀስቱ ጉልበት ጋር ካልተመጣጠነ ዐይን የቱንም ያህል ቢያነጣጥር ይስታል። ይህ ሁሉ ስሌት ነው። መድረካችን ከዚህ ሁሉ መርጦ የወሰደው ቁጣን ብቻ ነው።

ነገሩ ለደጋው ተመልካች እንግዳ ሊመስለው ይችላል። ሆኖም ደጋን በቤቱ ያለ ስም ነው። እናቶቻችን ጥጥ የነደፉት በደጋን ነው፤ አዝማሪውም መሰንቆውን የሚመታው በደጋን ነው። በአንደኛው የተወጠረው ጅማት ጥጥ ያፍታታል፤ በሌላው የተወጠረው የፈረስ ጭራ ዜማ ያወጣል። መተማ ደግሞ የጥጥ አገር ነው። ቀስተኛውን፣ ነዳፊዋንና አዝማሪውን ከአንድ ዋርካ ጥላ ሥር የሚያስቀምጥ ጸሐፌ ተውኔት እስከ ዛሬ ለምን እንዳልተነሣ አይገባኝም። (የሚወስደው ካለ ሐሳቡን በደስታ እለቅለታለሁ።)

ጥንታውያን ግብፃውያን ከእነርሱ በስተ ደቡብ ያለውን የኑቢያን ምድር «የቀስት አገር» ይሉት ነበር። ሄሮዶቱስም የኢትዮጵያ ንጉሥ ለፋርሱ ካምቢሲስ ትልቅ ቀስት እንደ ላከና፣ ፋርሶች እንዲህ ያለውን ቀስት በቀላሉ መገተር ሲችሉ ለጦርነት ይምጡ እንዳለ ጽፏል። ብዙዎቻችን ይህን በኩራት እንጠቅሳለን። ኩራታችን ግን ቀስቱን በእጁ እንደ ያዘ ከቆየው ወገናችን ፊት ሲደርስ ወደ ንቀት ይለወጣል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1772 ከጎንደር ወደ ሰናር ሲጓዝ በዚሁ ቆላ ያለፈው ጄምስ ብሩስ፣ የአካባቢው አዳኞች ከገደሉት አውሬ ሁሉ የቆዳ ጥብጣብ በቀስታቸው ላይ እንደሚጠመጥሙ፣ ቆዳው ሲበዛ ቀስቱ አልታጠፍ እንደሚልና ያን ጊዜ እንደሚሰቅሉት ይተርካል። ብሩስ የጻፈው ሁሉ የሚታመን አይደለም፤ ሕዝቡን የጠራበትም ስም ከባሪያ ፍንገላ ጋር የተሳሰረ ስድብ ነው። ምስሉ ግን ለእኛ ይሠራል። እኛም በመድረኩ ቀስት ላይ አንድ ጊዜ የጥንታዊነትን፣ አንድ ጊዜ የአውሬነትን፣ አንድ ጊዜም የጌጥን ቆዳ ስንጠመጥም ኖረን አድርቀነዋል።

መተማ በመድረክ ላይ ስትነሣ የሚታሰበን መጋቢት 1881 ዓ.ም. ነው፤ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በጥይት የወደቁበት ጊዜ። ጎራዴና ጠመንጃ የያዘው ጀግና ረጅም ንግግር አለው፤ ይገባዋልም። የዚያው ምድር ነዋሪ የሆነው ቀስተኛ ግን ጌጥ ነው። ይህ የሥነ ውበት ጉድለት ብቻ ቢሆን ኖሮ በታለፈ ነበር። በ2011 ዓ.ም. በመተከል ዳንጉርና በጃዊ ንጹሐን ሰዎች በማንነታቸው ተገድለዋል፤ ከሟቾቹ መካከል ጉሙዞችም፣ ጉሙዝ ያልሆኑም ነበሩ። ከዚህ በኋላ ቀስት የያዘን ሰው ያለ ቃል የሚያሳይ ትርኢት ንጹሕ ነኝ ሊል አይችልም፤ ዝምታውን ተመልካቹ በገዛ ፍርሃቱ ይሞላዋልና።

በቅርቡ ያን ተውኔት እንደገና ጽፌዋለሁ። አሁን ሰውየው አይዘልም። ተቀምጦ ሽመል ይፍቃል፤ አጠገቡ ከቆመው ልጁ ጋር በጉሙዝኛ ይነጋገራል። ረቂቁን ያነበበ አንድ አዘጋጅ ወዳጄ፣ «ተመልካቹ ዐሥር ደቂቃ ሙሉ ምን ያያል?» ሲል ጠየቀኝ።

«ሽመሉ ይሰበር እንደሆነ» አልሁት።