ተሸናፊው በነገሥታቱ ረድፍ

የቻይናን ታሪክ ለማንበብ የተነሣ ሰው ገና ከደጃፉ የሚቀበለው የሥርወ መንግሥታት ዝርዝር ነው። ሻንግ፣ ጆው፣ ቺን፣ ሃን፣ ታንግ፣ ሶንግ፣ ዩዋን፣ ሚንግ፣ ቺንግ። እንደ መቁጠሪያ ተሰክቶ ይታያል። እያንዳንዱ በጀግና መሥራች ይጀምራል፤ በሰካራም ወይም በሴሰኛ ንጉሥ ያልቃል፤ ሰማይም ሹመቱን ነጥቆ ለሌላ ይሰጣል። ሃን እ.ኤ.አ. በ220 ከወደቀ በኋላ አገሪቱ እስከ 589 ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ተከፋፍላ መኖሯን ዝርዝሩ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ይህን ታሪክ እንዲህ አሳምሮ ያሰለፈው ማነው?

ያሸነፈው ነዋ! የወደቀውን ሥርወ መንግሥት ታሪክ ተከታዩ ማስጻፉ ልማድ ሆኖ ኖሯል። ሚንግ ሞንጎሎቹን እ.ኤ.አ. በ1368 ከቤጂንግ አስወጥቶ ታሪካቸውን በ1369 አስጀመረና በ1370 አስጨረሰ። ቺንግ በበኩሉ የሚንግን ታሪክ እስከ 1739 ድረስ ሲያሽ ቆየ። ገዳይ ራሱ ሙሾ አውራጅ ሲሆን ለቅሶው ምን ሊመስል እንደሚችል አንባቢ ይገምተው።

የሚደንቀው ግን የዚህ ሁሉ መዝገብ በኩር የሆነው መጽሐፍ እንዲህ አለመሆኑ ነው። የሲማ ቺየንን «ሺ ጂ» ማለቴ ነው። ሲማ ቺየን በሃኑ ንጉሠ ነገሥት በዉ ዘመን የቤተ መንግሥት ታሪክ ጸሐፊና ኮከብ ቆጣሪ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ110 አባቱ ሲሞት የጀመረውን ታሪክ እንዲፈጽም አደራ ጣለበት። በ99 የጦር አዛዡ ሊ ሊንግ አምስት ሺህ እግረኛ ይዞ በሺዮንግኑ ፈረሰኞች ተከበበና እጁን ሰጠ። ሹማምንቱ ሁሉ በአንድ አፍ ሲያወግዙት ሲማ ቺየን ተሟገተለት። ንጉሡም ተቆጣ፤ ሞት ተፈረደበት። ነፍሱን በገንዘብ መዋጀት ይቻል ነበር፤ ገንዘቡ ግን አልነበረውም። የቀረው ምርጫ መሰለብ ነበርና ተሰለበ። ክብሩን የሚወድ ሰው በዚያ ዘመን ራሱን ይገድላል እንጂ ይህን አይቀበልም። እርሱ ግን ውርደቱን የተሸከመው መጽሐፉ ሳያልቅ እንዳይቀር ብሎ መሆኑን ለወዳጁ ለረን አን በጻፈው ደብዳቤ ገልጧል።

ከዚህ ተነሥተው መጽሐፉን የቂም መወጫ ነው ያሉ ጥንትም ነበሩ። ለእኔ ይህ አቋራጭ ንባብ ነው። ቂመኛ ይሳደባል፤ ሲማ ቺየን ግን ፍርዱን ያኖረው በአቀማመጡ ውስጥ ነው። መጽሐፉ 130 ምዕራፍ አለው፤ 12ቱ የነገሥታት ዜና መዋዕል፣ 10ሩ ሠንጠረዥ፣ 8ቱ ስለ ሥርዓትና ስለ ሙያ፣ 30ው የመሳፍንት ቤቶች፣ 70ው የግለሰቦች ታሪክ። ታዲያ በነገሥታቱ ረድፍ ሰባተኛው ላይ የተቀመጠው ማን ይመስላችኋል? ሺያንግ ዩ! የሃን መሥራች ሊዩ ባንግ ያሸነፈው፣ በ202 በወንዝ ዳር የገዛ አንገቱን የቆረጠው፣ ንጉሠ ነገሥት ተብሎ የማያውቀው ሰው። መሥራቹ ከእርሱ ቀጥሎ ስምንተኛ ነው። በሃን ንጉሥ ደመወዝ የሚተዳደር ሰው ነው ይህን ያደረገው። በመሳፍንቱ ረድፍ ደግሞ ቅጥር አራሹን ቸን ሼን ከኮንፊሽየስ ቀጥሎ አስቀምጦታል። ቸን ሼ ዝናብ መንገድ ዘግቶበት ለዘመቻ ስለ ዘገየ፣ መዘግየትም በሞት ያስቀጣ ስለ ነበር፣ በ209 በቺን ላይ ያመፀው ነው። የነገሠው ስድስት ወር ብቻ ነበር።

ከአቀማመጡም የሚረቅ ሌላ ብልሃት አለው። ሊዩ ባንግ በ205 ተሸንፎ በሠረገላ ሲሸሽ እንዲፈጥንለት ብሎ ወንድና ሴት ልጆቹን ገፍትሮ ጣላቸው፤ ነጂው አነሣቸው፤ ይህ ሦስት ጊዜ ሆነ። ይህን ነውር በመሥራቹ በራሱ ምዕራፍ ብትፈልጉት አታገኙትም። ያለው በሺያንግ ዩ ምዕራፍ ውስጥ ነው። መሥራቹ በገዛ ቤቱ ተከብሯል፤ በጠላቱ ቤት ግን እርቃኑን ቆሟል።

እዚህ ላይ በርተን ዋትሰን እ.ኤ.አ. በ1961 በእንግሊዝኛ ያሳተመውን ትርጉም መውቀስ ይገባል። ቋንቋው ጥሩ ነው፤ እንደ ልብ ወለድ ይነበባል። ነገር ግን ተርጓሚው ታሪኩ በጊዜ ቅደም ተከተል እንዲፈስለት ብሎ ምዕራፎቹን አዛውሯል። 48ኛው የቸን ሼ ምዕራፍ መጀመሪያ መጣ፤ ሰባተኛውና ስምንተኛው ተከተሉት። የምዕራፍ ቁጥሩን ቢጽፈውም፣ ማን በማን ረድፍ ተቀመጠ የሚለው ትልቁ ነገር ከአንባቢው ዓይን ተሰወረ።

ሲማ ቺየንም ነቀፌታ አያጣም። ሺያንግ ዩ በመጨረሻ 28 ፈረሰኞች ይዞ ሲዋጋ የተናገረውን ቃል በቃል ይነግረናል። ማን ሰምቶ ነገረው? ጸሐፊው ለተሸናፊው ልቡ ሲሸነፍ ብዕሩ ወደ ተውኔት ይሄድበታል። ደግነቱ በምዕራፉ መጨረሻ በራሱ ድምፅ ብቅ ይልና ጀግናውን ይወቅሰዋል፤ በጉልበቱ ብቻ መታመኑንና ውድቀቱን በሰማይ ማሳበቡን ከንቱ ስሕተት ይለዋል። የሰማይ ሹመት በሚሰበክበት ቤተ መንግሥት ይህ ቀላል ንግግር አይደለም።

ከመቶ ሃምሳ ዓመት ግድም በኋላ ባን ጉ መጣ። ታሪክን ያለ ፈቃድ ጻፍክ ተብሎ ታሰረ፤ ኋላ ንጉሡ ሥራውን ወዶ ሹመት ሰጠው። «የሃን መጽሐፍ» የአንድ ሥርወ መንግሥት ታሪክ ብቻ ነው፤ መቶ ምዕራፍ። ተከታዮቹ የመንግሥት ታሪኮች የኮረጁት ይህንን ነው። ባን ጉ ከሲማ ቺየን ብዙውን እንዳለ ቀዳ፤ ወንበሩን ግን አሸጋሸገ። ሺያንግ ዩና ቸን ሼ ከረድፋቸው ወርደው ከግለሰቦቹ ጋር በአንድ ምዕራፍ ታጨቁ። መንበሩ ለሃን ብቻ ጸዳ።

ይሁንና ባን ጉን አጎብዳጅ ብሎ መዝጋት አይቻልም። እነዚያን ከሠረገላ የተገፈተሩ ልጆች ሲማ ቺየን በጠላት ቤት የደበቃቸውን እርሱ አውጥቶ በመሥራቹ በራሱ ዜና መዋዕል ውስጥ በግልጽ ጽፏቸዋል። እ.ኤ.አ. በ92 ጌታው ሲወድቅ አብሮ ታስሮ እስር ቤት ሞተ። የቀረውን የመጽሐፉን ሥራ እህቱ ባን ዣው ተቀበለችው።