መሪው ሲናገር አባሉ የት ነበር?

«የማዘር ጆንስ ግለ ታሪክ» በ1925 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ቺካጎ ላይ የታተመ አነስተኛ መጽሐፍ ነው። ባለታሪኳ ሜሪ ሃሪስ ጆንስ አየርላንድ ተወልደው፣ የአሜሪካ የተባበሩት ማዕድን ቆፋሪዎች ማኅበር አደራጅ በመሆን የድንጋይ ከሰል ሠራተኛውን ከዌስት ቨርጂኒያ እስከ ኮሎራዶ ለአድማ ያነሣሡ ሴት ናቸው። ኖቬምበር 30 ቀን 1930 ያረፉት እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ፣ በወዳጆቻቸው እርሻ ላይ ነው።

ሐኪም ነኝና መጽሐፉን ሳነብ አስቀድሞ የሚይዘኝ የመጀመሪያው ምዕራፍ ቁጥብነት ነው። በ1867 ሜምፊስ የገባው ቢጫ ወባ ባላቸውንና አራት ልጆቻቸውን ጨረሰ። ጸሐፊዋ ይህን በጥቂት መስመሮች ተናግረው ያልፋሉ፤ ሀብታሙ ከተማውን ጥሎ ሲሸሽ ድኻው መድረሻ ማጣቱን ግን ሳይጠቅሱ አይቀሩም። በሽታው በትንኝ እንደሚተላለፍ የተረጋገጠው በ1900 ነው። ሞት ድኻን እንደሚያስቀድም ግን እርሳቸው ከሳይንሱ በፊት በቤታቸው አይተውታል።

የመጽሐፉ ድክመት የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ገጽ በገጽ አንዲት ባልቴት ይናገራሉ፤ ሠራተኛው ይሰማል፣ ያጨበጭባል፣ ይከተላል። የራሱ ስም፣ የራሱ ክርክር ያለው ቆፋሪ እምብዛም አይገኝም። የትውልድ ዘመናቸው እንኳ ወደ 1830 ተገፍቷል፤ ክርስትና የተነሡት በ1837 መሆኑ ኋላ ታውቋል። የሚያስገርመው፣ በአማርኛ «መሪዎች እያሉም የተገኘ እድገት» ልንለው የምንችለው የመጨረሻው ምዕራፍ ከቀደሙት ታጋዮች ጎዳና የወጡ መሪዎችን አጥብቆ መንቀፉ ነው።

ያ ምዕራፍ ሲጻፍ ማኅበሩን የሚመሩት ጆን ሉዊስ ነበሩ፤ ከ1920 እስከ 1960 በፕሬዚዳንትነት ቆይተዋል። እርሳቸውም ጎረቤታችን ነበሩ። ከ1937 እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1969፣ የኖሩበት አሌክሳንድሪያ ኦሮኖኮ ጎዳና ላይ የሚገኘው ጥንታዊ ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው።

ሉዊስን ማቃለል ግፍ ይሆናል። በ1946 ከመንግሥት ጋር በተፈራረሙት ውል የጤናና የጡረታ ፈንድ ቆመ፤ በ1956 በኬንተኪ፣ በቨርጂኒያና በዌስት ቨርጂኒያ ዐሥር ሆስፒታሎች ተከፈቱ። ሆኖም በብዙ አውራጃዎች አባላቱ ሹማምንታቸውን የመምረጥ መብት ተነፍገው ነበር። ሆስፒታል የሰጠው እጅ ድምፅን ነሣ።

ዕዳው የተከፈለው ኋላ ነው። ኖቬምበር 20 ቀን 1968 ፋርሚንግተን በተባለው የዌስት ቨርጂኒያ ስፍራ በደረሰ የማዕድን ጉድጓድ ፍንዳታ 78 ሰዎች ሲያልቁ፣ የሉዊስ ረዳት የነበሩትና በወቅቱ ማኅበሩን ይመሩ የነበሩት ቶኒ ቦይል እዚያው ቆመው ኩባንያውን አመሰገኑ። በዚያ ሰሞን ባፍ፣ ራስሙሰንና ዌልስ የተባሉ ሦስት ሐኪሞች የከሰል ብናኝ ሳንባን እንዴት እንደሚያጠፋ በየመንደሩ እየዞሩ አስረዱ። በፌብሩዋሪ 1969 ወደ 40,000 የሚጠጉ ቆፋሪዎች የማኅበሩን ፈቃድ ሳይጠብቁ ሥራ አቁመው የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት «ለጥቁር ሳንባ» ካሣ የሚያስገኝ ሕግ እንዲያወጣ አስገደዱ። የፌዴራሉ የማዕድን ጤናና ደኅንነት ሕግ ዲሴምበር 30 ተፈረመ፤ በማግስቱ፣ ቦይልን በምርጫ የተፎካከሩት ጆሴፍ ያብሎንስኪ ከነባለቤታቸውና ከነሴት ልጃቸው በቤታቸው ተገደሉ። ቦይል በዚህ ወንጀል ተፈርዶባቸዋል። በ1972 በተደገመው ምርጫ ያሸነፉት አርኖልድ ሚለር ሳንባቸው በከሰል የተጎዳ ቆፋሪ ነበሩ።

ይህ ታሪክ እኛንም ይመለከተናል። የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር በ1963 ተመሠረተ፤ በማርች 1974 አገር አቀፍ አድማ መታ፤ ደርግ አፈረሰውና በ1977 የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበር በቦታው ቆመ። በስደት የምናሳትማቸው የዚያ ዘመን ማስታወሻዎች ግን ይበልጡን መሪ ከመሪ የሚካሰስባቸው ሸንጎዎች ናቸው። በእነዚያ የአድማ ቀናት የሠራተኛው ቤተሰብ ምን በላ? ለአድማው ማን አሳመነው? «አልስማማም» ቢል ምን ይደርስበት ነበር? መልሱን የሚያውቁት ሰዎች እያረጁ ነው፤ አንዳንዶቹም በዚህችው ከተማ ዙሪያ ይኖራሉ። ማስታወሻ ለመጻፍ ብዕር ያነሣ ሁሉ ማዘር ጆንስ በመጨረሻ ከደረሱበት ምዕራፍ ቢጀምር፣ እነርሱንም ቀድሞ ቢጠይቅ መልካም ነው።