የገቦ ዱባ እናትና አባት

ሰኔ ግም ሲል ከበረቱ ጀርባ፣ ከአመድ መድፊያውና ከፍግ ክምሩ ላይ ማንም ያልዘራው የዱባ ሐረግ ብቅ ይላል። በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ ዙሪያ ጓሮ ያለው ሰው ያውቀዋል፤ ገቦ ነው። አምና ተቀቅሎ ከተበላ ዱባ የወደቀ ፍሬ ይሁን፣ ከጎረቤት ጥራጊ ጋር የመጣ፣ የሚያውቅ የለም። በበቆሎውና በበርበሬው መካከል ሲሳብ ከርሞ ጥቅምት ላይ ፍሬው ሲከብድ፣ ባለቤቱ ይጠራኝና “ይህ ምን ዓይነት ዱባ ነው?” ይለኛል።

ብዙ ሰው መልሱን ከመልኩ ይፈልጋል። እኔ መልኩን የማየው መጨረሻ ላይ ነው። አንድ ዝርያ ብቻውን ክብም፣ ረጅምም፣ ጠፍጣፋም፣ አመድማም፣ ዥንጉርጉርም ፍሬ ያፈራል፤ የማይዛመዱ ሁለት ዱባዎች ደግሞ መንታ መስለው ይገኛሉ። ፈረንሳዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሻርል ኖዳን እ.ኤ.አ. በ1856 ባሳተመው ጥናቱ ዝርያዎቹን የለየው ዱባዎቹን አብቅሎ፣ እርስ በርሳቸው አዳቅሎ ነው። በመልክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬም በተደናገርን ነበር።

የምጀምረው ፍሬውን ከሐረጉ ጋር ከሚያያይዘው እጀታ ነው። ድቡልቡል፣ ወፍራም፣ ሲደርቅ እንደ ቡሽ የሚሰነጣጠቅና ጥፍር የሚገባበት ከሆነ ኩኩርቢታ ማክሲማ ነው። ጠንካራ፣ ባለ አምስት ማዕዘን ሆኖ ፍሬው ላይ ሲደርስ እንደ እግር መዳፍ የሚዘረጋው ሞስካታ ነው። ማዕዘኑ የሾለ፣ ጠንካራ፣ ግን እምብዛም የማይዘረጋው ፔፖ ነው፤ ገበያ ላይ ዙኪኒ የምንለውም ከዚሁ ወገን ነው። ስለዚህ ዱባ ስትቆርጡ እጀታውን አትጣሉት እላለሁ። እጀታው የተሰበረ ዱባ ቶሎ ይበሰብሳል፤ ለእኔ ደግሞ ግማሽ ማስረጃው ጠፍቷል።

ቀጥሎ ቅጠሉን እዳስሳለሁ። የፔፖ ቅጠል በጥልቀት የተሰነጣጠቀና የሚወጋ ነው፤ የሞስካታ ለስለስ ይላል፤ የማክሲማ ሰፊና ክብ ነው። በቅጠሉ ሥሮች መጋጠሚያ ላይ ብርማ ነጠብጣብ ሲታይ ብዙዎች “ሞስካታ ነው” ብለው ይቸኩላሉ። ፔፖም ይህ ነጠብጣብ ሊኖረው ስለሚችል በዚያ ብቻ አልፈርድም። ፍሬው ሲከፈት የዘሩን ጠርዝ አያለሁ፤ የሞስካታ ዘር ጠርዙ ጠቆር ያለና ሻካራ ነው። ዘሩ ጥቁር፣ ሥጋው ነጭ ሆኖ ከተገኘ አራተኛውን፣ ፊሲፎሊያን አስባለሁ።

“ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል” የተባለው በከንቱ አይደለም። ሐረጋቸው ገና ለጋ ሳለ ያሳስታል፤ አበባ ሲያወጡ ግን ነገሩ ያበቃል። ቅል ነጭ አበባውን ወደ ማታ ይከፍታል፤ ዱባ ቢጫውን ጎሕ ሲቀድ ከፍቶ ከቀትር በፊት ያጥፋል። ትውልዳቸውም ሌላ ነው፤ ቅል አፍሪካዊ ሲሆን ዱባ ከአሜሪካ የመጣ ነው። ዱባ ሲመር “ከቅል ወይም ከምድር እምቧይ ተዳቅሎ ነው” ሲባል እሰማለሁ። አይዳቀሉም። የመረረ ዱባ ግን በምንም ምክንያት ይምረር አይበላም፤ መቀቀልም መርዙን አያጠፋውም።

ከእጀታና ከቅጠል የማይገኝ ዕውቀት ያለው እናቶች ዘንድ ነው። ቡሬ ገበያ ላይ አንዲት ሻጭ “እናቴ፣ ይህስ ምን ዓይነት ነው?” ብዬ ብጠይቃቸው፣ በጣታቸው ኳ ኳ አድርገው “ይኼ ደረቅ ነው ልጄ፤ ለወጥ አይሆንህም፣ ቀቅለህ ብላው” አሉኝ። የዝርያውን ስም አልነገሩኝም፤ ከስሙ የሚበልጠውን ግን ነገሩኝ። ማስታወሻዬ ላይ ከእጀታው ሥር ይህንኑ እጽፋለሁ።

አስቸጋሪው አባቱን ማወቅ ነው። ጎጃም የንብ አገር ነው፤ ንብ ደግሞ አጥር አያውቅም። ከጎረቤት ወንዴ አበባ የተነሣው ብናኝ የእኛ ሴቴ አበባ ላይ ያርፋል። ዘንድሮ የምንበላው ሥጋ የእናቲቱ ነው፣ አይለወጥም፤ ድቅልነቱ ያለው በዘሩ ውስጥ ነው። ጣፋጩን ዱባ መርጣ ዘሩን ያስቀመጠች ሴት በዓመቱ ውሃማ ዱባ ስታገኝ መሬቱን ወይም ዝናቡን ትወቅሳለች። ነገሩ የተፈጸመው ግን አምና፣ በአንድ ማለዳ ነው። ለዚህ ነው የገቦ ዱባ ሲያሳዩኝ አምና አካባቢው ላይ ምን ዱባ እንደነበር የምጠይቀው። በተለያዩ ዝርያዎች መካከል መዳቀል እምብዛም አይከሰትም፤ ሁለት ማክሲማዎች ጎን ለጎን ካሉ ግን መቀላቀላቸው አይቀርም።

መልካም ዱባ ያገኘ ሰው ዘሩን እንዲህ ያቆየው፦ በማግሥቱ የሚከፈቱትን አንድ ሴቴና አንድ ወንዴ አበባ ማታውኑ በክር ይሰራቸው። ሴቴዋ ከሥሯ ትንሽ ዱባ ስላለች ትታወቃለች። ጠዋት ንብ ሳይቀድመው ወንዴውን ቆርጦ መሐሉን ሴቴዋ ላይ ያሽ፤ መልሶ ይሰራት። ፍሬው ላይ ምልክት ያድርግ፤ በስሎ ከተቆረጠ በኋላም ዘሩ እንዲሞላ ጥቂት ሳምንት ይተወው።

የዓይነቱን ስም ማወቅ ሲያቅተኝ ስም አልፈጥርለትም። ዝርያውን፣ ቀለሙን፣ የመጣበትን ቀበሌና ያበሰለችው ሴት ያለችውን በዘሩ ከረጢት ላይ እጽፋለሁ፦ “ማክሲማ፣ አመድማ፣ ማንኩሳ አካባቢ፣ ደረቅ፣ ለቅቅል።”