«ሲ.ኤስ. 50» እና የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ፤ ስለ አንድ የኢንተርኔት ትምህርት የቀረበ ትችት

ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳሉ ኮምፒዩተር ሳይንስን በኢንተርኔት የተማሩ ወጣቶች በመካከላችን ጥቂቶች አይደሉም። መንግሥትም በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን ፕሮግራም መጻፍ ለማስተማር የታቀደውን ሥራ ካስጀመረ ወዲህ ነገሩ በየቤቱ የሚወራ ሆኗል። ዳሩ ግን የሚወራው ሁሉ ስለ ተማሪው ቍጥርና ስለ ምስክር ወረቀቱ ነው፤ ትምህርቱ ራሱ እንደ መጽሐፍ ተገልጦ ሲመረመር አላየሁም። እኔ በዚህ ጽሑፍ የምተቸው አንዱን ብቻ ነው፤ ይኸውም የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ «ሲ.ኤስ. 50» የተባለው ነው። እርሱን የመረጥሁበት ምክንያት ካየኋቸው ሁሉ የተሟላ ሆኖ ስላገኘሁት፥ ደግሞም በአንድ የሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመጨረሻውን ዓመት ስማር የተከታተልሁት እርሱን ስለ ሆነ ነው።

አስቀድሞ ስለ ትምህርቱ አቋም ጥቂት ልናገር። ሃርቫርድና ኤም.አይ.ቲ. እ.ኤ.አ. በ2012 «ኢዴክስ» የተባለውን የኢንተርኔት ማስተማሪያ ሲያቋቁሙ ይህ ትምህርት በዚያው ዓመት ለዓለም ተከፈተ። አስተማሪው ከ2007 ጀምሮ የያዙት ፕሮፌሰር ዴቪድ ማላን ናቸው። ሳምንቶቹ ከ0 ይቈጠራሉ፤ (የግዕዝ አኀዝ ዜሮ ስለሌለው በአባቶቻችን አጻጻፍ ቢሆን የመጀመሪያው ሳምንት ስም ባጣ ነበር።) ተማሪው ሥዕላዊ ብሎኮችን እየገጣጠመ በሚሠራበት በ«ስክራች» ይጀምርና ወዲያው «ሲ» ወደሚባለው ቋንቋ ይገባል፤ ከዚያም «ፓይተን»፥ የመረጃ ማከማቻ ቋንቋና የድረ ገጽ ሥራ ይከተላሉ። ፍጻሜው ተማሪው ራሱ የሚመርጠው ሥራ ነው።

የትምህርቱ ትልቅ ምስጋና በ«ሲ» ላይ ብዙ ሳምንት መቈየቱ ይመስለኛል። ብዙዎቹ የኢንተርኔት ትምህርቶች ተማሪውን ቶሎ ደስ ለማሰኘት በቀላሉ ቋንቋ ይጀምራሉ፤ ተማሪውም በመጨረሻ አንድ ነገር ሲሠራ ይታያል እንጂ በመኪናው ውስጥ ምን እንደሚደረግ አያውቅም። ይህ ትምህርት ግን አንድ ፊደል በኮምፒዩተር ዘንድ ቍጥር መሆኑን፥ ቍጥሩም በስንት ባይት እንደሚቀመጥና በየትኛው አድራሻ እንደሚገኝ ያሳያል። ፕሮፌሰሩ የስልክ ማውጫ መጽሐፍ ከመካከል ገልጠው፥ ግማሹን ቀድደው በመጣል፥ ከዚያም የቀረውን እንደገና ለሁለት በመክፈል አንድ ስም የሚፈልጉበት ትርኢት ታዋቂ ነው። አንድ ሺህ ገጽ ያለው መጽሐፍ በዐሥር ያህል ክፍያ ወደ አንድ ገጽ ይወርዳል። የእኛ ሒሳብ መጽሐፍ ሎጋሪዝምን በሠንጠረዥ ሲያስተምረን ለምን እንደሚረባ አልነገረንም ነበር።

እንግዲህ ወደ ዋናው ትችቴ ልግባ። ትምህርቱ ስለ ፊደል ሲናገር የሚያስበው ስለ ሃያ ስድስቱ የላቲን ፊደላት ነው። በሳምንት 2 መልመጃዎች አንዱ የቄሣር ምስጢራዊ ጽሕፈት ነው፤ እያንዳንዱን ፊደል ጥቂት ቦታ ወደ ፊት ማሳለፍ፥ ዜድ ላይ ሲደርሱ ወደ ኤ መመለስ። ሌላው የአንድን ጽሑፍ ክብደት የሚለካ ፕሮግራም ነው። እርሱም ኮልማንና ሊያው የተባሉ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጡትን ቀመር ተከትሎ፥ በመቶ ቃላት ውስጥ ስንት ፊደልና ስንት ዐረፍተ ነገር እንዳለ ቈጥሮ ጽሑፉ ለስንተኛ ክፍል እንደሚስማማ ይናገራል። ይህንን ፕሮግራም መልመጃው እንዳዘዘው ጽፎ አንድ ገጽ አማርኛ የሰጠው ሰው ምን መልስ እንደሚያገኝ አስቡ። ፕሮግራሙ ከእንግሊዝኛ ፊደል በቀር ፊደል አያውቅምና የፊደሉ ብዛት ዜሮ ይሆናል፤ አራት ነጥብን ስለማያውቅ ዐረፍተ ነገሩም ዜሮ ነው፤ የቀመሩም ውጤት ከዜሮ በታች 15.8 ይመጣል። ስለዚህ «ፍቅር እስከ መቃብር» ቢሰጠውም ፍርዱ «ከአንደኛ ክፍል በታች» ነው።

ይህ ለእንግሊዝኛ የተሠራ መልመጃ ነው ተብሎ ይመለስልኝ ይሆናል፤ እውነት ነው፥ መልመጃውም ይህን አይሰውርም። እኔም ሃርቫርድ ስለ አማርኛ ለምን አላሰበም ብዬ አልወቅስም። የምለው፥ የእኛ ተማሪ መልመጃውን ፈጽሞ ሙሉ ነጥብ ካገኘ በኋላ ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ ከዚያ ይጀምራል ነው። ቀመሩን አርሞ የግዕዝ ፊደል እንዲቈጥር ቢያደርገው እንኳ አይበቃም፤ የእኛ አንዱ ፊደል ተነባቢና አናባቢ በአንድነት የያዘ ስለ ሆነ ቃሉ በፊደል ቍጥር አጭር ይመስላል፤ «አልነገርኋችሁም» የሚለው አንድ ቃል ደግሞ በእንግሊዝኛ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው። እንግዲህ የአማርኛ ጽሑፍ ክብደት በምን ይለካል? ይህ ለዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የማይከብድ፥ ለዚህ ኮሌጅ ግን የማይቀልል ጥያቄ ነው።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር። ፊደላችን ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከቍጥር 4608 ጀምሮ በሀ ለ ሐ መ ተራ፥ ለእያንዳንዱ ቤት ስምንት ስምንት ቦታ ተሰጥቶት ተደረደረ። «ሰላም» የሚለውን ቃል በተለመደው አጻጻፍ ለ«ሲ» ብንሰጠውና ርዝመቱን ብንጠይቀው ሦስት አይልም፥ ዘጠኝ ይላል፤ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛልና። ተማሪው በዚህ ሲደናገጥ ትምህርቱ ገና ያልነገረውን ነገር ይማራል። ደግሞም ላ ቍጥሯ 4619 ነው፤ 4608 ቢቀነስ 11 ይቀራል፤ 11 ለ8 ሲካፈል አንድ ደርሶ ሦስት ይተርፋል። ከዜሮ ስንቈጥር አንድ ማለት ሁለተኛው ቤት ለ ነው፥ ሦስት ማለት አራተኛው ድምፅ ራብዕ ነው። ስለዚህ ያ የቄሣር መልመጃ በእኛ ፊደል ሲሠራ ተማሪው ቤቱን ብቻ አሳልፎ ድምፁን ሊጠብቅ፥ ወይም ድምፁን ለውጦ ቤቱን ሊጠብቅ ይችላል። በየኔታ ዘንድ ፊደል የቈጠረ ሕፃን ይህን ሠንጠረዥ በቃሉ ይዞታል።

የስልክ ማውጫውም ነገር እንዲሁ ነው። በመካከል እየከፈሉ መፈለግ የሚቻለው ስሞቹ በአንድ ሥርዐት ሲደረደሩ ብቻ ነው። እኛ አገር ሰው የሚፈለገው በራሱ ስም ነው እንጂ በአባቱ ስም ስላይደለ ይህ ችግር የለውም። ችግሩ ኃይሉን አንዱ በኃ፥ ሌላው በሃ፥ ሦስተኛው በሐ መጻፉ ነው። ለጆሮ አንድ የሆነው ሰው ለመኪናው ሦስት ነው፤ ሦስቱም በተራራቀ ገጽ ይቀመጣሉ፤ ፈላጊውም ግማሹን መጽሐፍ ቀድዶ ሲጥል ሰውየውን አብሮ ሊጥለው ይችላል።

ስለ ችግሩ ሌላ ገጽታ በአጭሩ ልናገር። ትምህርቱ ነፃ ነው፤ ነገር ግን ፕሮግራሙ የሚጻፍበት ገጽ በኢንተርኔት የሚከፈት ስለ ሆነ መስመሩ ሲቋረጥ ሥራው ይቆማል። በ2009 እና በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ብሔራዊው ፈተና በሚሰጥበት ሰሞን ኢንተርኔት በአገሩ ተዘግቶ ነበር፤ ለመጨረሻው ዓመት ተማሪ ትምህርቱ የተቋረጠው እንግዲህ በፈተናው ምክንያት ጭምር ነው። ፈተናውም ራሱ ቀላል ነገር አይደለም። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ያህል ብቻ ነበሩ። ኮምፒዩተር ከሚፈተኑት ትምህርቶች አንዱ አይደለም፤ ከሃርቫርድ የመጣ ምስክር ወረቀትም በምደባ ጊዜ አንድ ነጥብ አይጨምርም። ስለዚህ አንድ አባት ልጁ ሌሊት «ሲ» ሲጽፍ አይቶ «ፊዚክስህን አንብብ» ቢለው በአላዋቂነት አልፈርድበትም።

በዚህ ምክንያት፥ በመጨረሻው ክፍል ያለ ተማሪ ትምህርቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለመጨረስ መሮጡን በበኩሌ አልደግፍም። የሚሮጥ ሰው መልሱን ከሌላ ይቀዳል፤ መልሱ በኢንተርኔት ሞልቷል፤ ትምህርቱ እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ራሱ ካዘጋጀው ረዳት በቀር ሌላ ሰው ሠራሽ አስተውሎት እንዳንጠቀም ቢከለክልም የሚጠብቀን የለም። ከሳምንት 0 እስከ 5 ያለውን ብቻ በዝግታ መያዝ ይሻላል። ለ«ሲ» የሚያስፈልገው መተርጐሚያ አንድ ጊዜ በአሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ «ስክራች»ም በአማርኛ ይከፈታል።

ቀሪው የኮሌጃችን ሥራ ነው። የትምህርቱ ጽሑፎች ለንግድ እስካልዋሉ፥ ምንጩም እስከ ተጠቀሰና የተለወጠው በዚያው ፈቃድ እስከ ወጣ ድረስ ለመተርጐምና ለመለወጥ የተፈቀዱ ናቸው። የኮምፒዩተር ክፍል ተማሪዎች የሳምንት 2ን መልመጃዎች በግዕዝ ፊደል አዘጋጅተው በክረምት ለአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሊሰጡ ይችላሉ። ከዚያ በፊት ግን ኃ፥ ሃ እና ሐ በፍለጋ ጊዜ አንድ ይሁኑ ወይስ ይለዩ የሚለውን መወሰን ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ ለፕሮግራም ጸሓፊ የሚተው ስላይደለ የቋንቋ ክፍል መምህራን አሳባቸውን በሚቀጥለው እትም እንዲጽፉልን እጠይቃለሁ።