ውሃው ሳይደርስ ዓሣ አይገባም

በአል-ኹባ ቤቶች የጨው ውሃ አኳሪየም ስተክል ለባለቤቱ አስቀድሜ የምነግረው አንድ ነገር ነው፦ ገንዳው ከተሞላ በኋላ አንድ ወር፣ አንዳንዴም አንድ ወር ተኩል፣ ዓሣ አይገባበትም። ይህን ደስ ብሎት የሚሰማ የለም። መጅሊሱ ተሰናድቷል፣ ሰማያዊው መብራት በርቷል፣ ልጆቹ መስታወቱን ከበው ቆመዋል። እኔ ግን የሙያው ክብደት ያለው እዚያ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ሪፍ የሚተክል ሰው የሚያዘጋጀው ውሃን ነው፤ ኮራሉና ዓሣው የሚመጡት ውሃው ሲደርስላቸው ነው። እስከዚያ ድረስ የሰውን ጥድፊያ መግታትም የባለሙያው ግዴታ ነው።

አል-ኹባ በሳዑዲ ዓረቢያ ጂዛን ክልል ከየመን ድንበር አጠገብ፣ ከጀበል ዱኻን ተራራ ብዙ ሳትርቅ የተቀመጠች ከተማ ናት። ባሕር አቋርጠው በየመን በኩል የመጡ ብዙ ኢትዮጵያውያን አካባቢውን በእግራቸው ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ በድንበሩ ላይ ውጊያ ሲነሳ ነዋሪዎቿ ቤታቸውን ጥለው ወጥተዋል። ስለዚህ እዚህ ገንዳ ሳስብ ሰው በድንገት ቢነሳ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ አብሮኝ አለ። አራት መቶ ሊትር ይበቃል እላለሁ። ከዚያ የሚተልቅ ገንዳ በችኮላ ባዶ አይደረግም፣ ዓሣዎቹንም በባልዲና በባትሪ አየር ፓምፕ ይዞ መሄድ አይቻልም።

ቀይ ባሕር በመኪና ብዙም አይርቅምና ውሃውንም ድንጋዩንም ከዚያው እንጫን የሚል ሐሳብ በየቤቱ ይነሳል። አልቀበለውም። የወደብና የዳርቻ ውሃ ዘይትና ቆሻሻ ይሸከማል። ከጂዛን ፊት ለፊት ያሉት የፈረሳን ደሴቶችም እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የተጠበቁ ናቸው፤ በ2021 ደግሞ ዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ አስገብቷቸዋል። ዘመናት የፈጀ ሪፍ እየሰበሩ የሳሎን ጌጥ ማድረግ ሙያውን ያዋርደዋል።

ስለዚህ የምንነሳው ከጨው አልባ ውሃ ነው። ጂዛንና አሲር ከሚጠጡት ውሃ ብዙው ከሹቀይቅ፣ ከባሕር ውሃ ጨው ከሚያወጣው ጣቢያ የሚመጣ ነው። ከጉድጓድ የሚመጣም አለ። በቧንቧም ይምጣ በውሃ ጫኝ መኪና፣ ክሎሪን ወይም የተሟሟ ማዕድን ይዞ ስለሚገባ በሪቨርስ ኦስሞሲስና በሬዚን አሳልፌ የማዕድን መለኪያው ቁጥር ዜሮ እስኪሆን አጣራዋለሁ። መዳብ የነካው ዕቃ ወደ ውሃው አይቀርብም፤ ኮራልንና ቀንድ አውጣን ጥቂት መዳብ ይገድላል።

ከዚያ ጨው ይጨመራል። ለአንድ ሊትር ወደ 35 ግራም፣ ለአራት መቶ ሊትር ወደ 14 ኪሎ መሆኑ ነው። የወጥ ቤት ጨው ለዚህ አይሆንም። ኮራል አጥንቱን የሚሠራው በካልሲየምና በካርቦኔት ስለሆነ በሊትር 420 ሚሊግራም ያህል ካልሲየም፣ 1300 ያህል ማግኒዥየም እንዲኖረው ሆኖ የተዘጋጀ የሪፍ ጨው ያስፈልጋል። ጨውና ውሃው በተለየ በርሜል፣ ፓምፕ እያዞረው ያድራሉ። ሲጠራ ጨዋማነቱን በሪፍራክቶሜትር እለካለሁ፤ መሣሪያውንም አስቀድሜ መጠኑ በታወቀ የጨው ውሃ አስተካክለዋለሁ። መሣሪያው ከተሳሳተ ከዚያ በኋላ የሚለካው ሁሉ ይሳሳታል።

ድንጋዩ ከአሸዋው በፊት በገንዳው ወለል ላይ ይቀመጣል። አሸዋ የሚቆፍሩ ዓሣዎችና ሽሪምፖች አሉ፤ በአሸዋ ላይ የቆመ ድንጋይ ሥሩ ሲቦረቦር ተንዶ መስታወት ይሰብራል። በድንጋዮቹ መካከል ውሃ የሚያልፍበት ክፍተት እተዋለሁ። ከኋላ የተደፈነ ክምር ቆሻሻ ያቁራል።

አሁን ዓይን የማያየው ሥራ ይጀምራል። ዓሣ በመተንፈሻው፣ የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ያወጣል፤ አሞኒያ መርዝ ነው። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። ሳይንቲስቱ ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ እ.ኤ.አ. በ1890 አካባቢ እነዚህን ተህዋስያን ለይቶ አሳይቷል። በአዲስ ገንዳ ውስጥ ግን ገና የሉም፣ ቢኖሩም ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ዓሣ ሳላስገባ በሊትር ሁለት ሚሊግራም ያህል አሞኒያ እጨምርና ጤናማ ከሆነ አሮጌ ገንዳ የወሰድኩትን የማጣሪያ ስፖንጅ እንደ እርሾ አኖርበታለሁ። አሞኒያው ይወርዳል፣ ናይትራይት ይወጣል፣ እሱም በተራው ይወርዳል። የጨመርኩት አሞኒያ በአንድ ቀን ውስጥ ጠፍቶ ናይትራይቱም ዜሮ ሲሆን ገንዳው የመጀመሪያውን ነዋሪ ለመቀበል በቅቷል። የተጠራቀመውን ናይትሬት ለመቀነስ ከውሃው ብዙውን እለውጣለሁ።

በእነዚያ ሳምንታት ድንጋዩ ቡኒ ይሆናል፣ ቀጥሎ ፀጉር የመሰለ አረንጓዴ ይለብሳል። የባለቤቶች ስልክ የሚበዛው በዚህ ጊዜ ነው። ቡኒው ዳያተም የሚባል ጥቃቅን አልጌ ነው፤ አዲስ ድንጋይና አሸዋ ላይ ቀድሞ ይሰፍራል፣ ብዙ ጊዜም በራሱ ይለቃል። አረንጓዴውን ቀንድ አውጣ ይበላዋል፣ እጅም ይነቅለዋል። መድኃኒት አፍስሼ ብገድለው ግን የሞተው አልጌ ራሱ ተመልሶ ምግብና መርዝ ይሆናል። የምጠብቀው ሐምራዊው ቅርፊት፣ ኮራላይን አልጌ፣ በድንጋዩ ላይ ነጠብጣብ ሆኖ እስኪታይ ነው። እሱም እንደ ኮራል ካልሲየም ስለሚጠቀም መታየቱ ለኮራል ጥሩ ምልክት ነው።

ሙቀቱ የዚህ አገር ትልቁ ፈተና ነው። ኮራል በሥጋው ውስጥ በሚኖሩ ጥቃቅን አልጌዎች ምግብ ይኖራል፤ ውሃው ከለመደው በላይ ለሳምንታት ሲሞቅ ያስወጣቸውና ይነጣል። ሞቃት ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም ያንሳል። ስለዚህ ኤሲው ያቀዘቅዛል ብሎ መተው አይቻልም፤ ኤሲ ይጠፋል፣ መብራትም ይሄዳል። የውሃ ማቀዝቀዣ (ቺለር) ተክዬ ውሃውን በ26 ዲግሪ አጸናዋለሁ፤ የአየር ፓምፑንም ባትሪ ላይ አስራለሁ።

ሙቀቱ ውሃውንም ይጠጣዋል። ሲተን የሚሄደው ውሃው ብቻ ነው፣ ጨው ይቀራል። ከአራት መቶ ሊትር ሃያው ቢተን 35 የነበረው ጨዋማነት ወደ 37 ይጠጋል። ስለዚህ የጎደለው በየቀኑ የሚሞላው በተጣራ ጨው አልባ ውሃ ነው፤ በጨው ውሃ የሚሞላ ሰው ገንዳውን ቀስ በቀስ ያበላሻል። ቀይ ባሕር ራሱ የሚኖረው በዚህ ሕግ ነው። በዓመት ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋ ውሃ ከላዩ ይተናል፤ ዓመቱን ሙሉ የሚገባበት ወንዝ የለም። የጎደለው በባብ ኤል-መንደብ በኩል ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ይሞላል፣ ያም ጨው ያለው ነው። በመሆኑም በደቡቡ በር 36 ተኩል ያህል የሆነው ጨዋማነት በሰሜኑ ጫፍ ከ40 ያልፋል። በባሕሩ ይህን ልዩነት ዓሣውና ኮራሉ በብዙ ትውልድ ለምደውታል፤ በገንዳ ውስጥ በሳምንት ሲመጣ ግን የሚገድል ነው።

መጀመሪያ የማስገባቸው ዓሣዎች ሁለት የቀይ ባሕር ክላውንፊሾች ናቸው፤ ቢጫ ሆነው ሁለት ነጭ መቀነት አላቸው። ዓሣውን እ.ኤ.አ. በ1830 በሳይንስ ስም የመዘገበው ተመራማሪው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። በዚያው አሥር ዓመት ምጽዋ ወርዶ እስከ ጎንደር የዘለቀ ሰው ነበር፤ ብዙ የቀይ ባሕር ዓሣዎችንም የመዘገበው ስለ አቢሲኒያ እንስሳት በጻፈው መጽሐፉ ነው። ይህን ለቤቱ ልጆች ስነግራቸው እኔም ከዚህ ባሕር ታሪክ ድርሻ እንዳለኝ ይሰማኛል።

ኮራል የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ ከባሕር የተነቀለ ሳይሆን በገንዳ አድጎ የተቆረጠ ቁራጭ። ለስላሳዎቹ ይቀድማሉ፣ ድንጋያማዎቹ ወራት ይቆያሉ፤ መብራቱም ከዝቅተኛው ተነስቶ በየሳምንቱ ይጨመራል። ውሃው ከጸና ቁራጩ ቅርንጫፍ ያወጣል፣ ባለቤቱም ቆርጦ ለሌላ ይሰጣል። አንድን ገንዳ በትክክል ተተክሏል የምለው እዚህ ሲደርስ ነው። ባለቤቱ ያን ወር ተኩል ከታገሠ ለጎረቤቱ የሚተከለው ሪፍ ከፈረሳን አንድ ድንጋይ ሳይነሳ ከእሱ ቤት ይጀምራል።